መብራት ከመጣ በኋላ የሚባክነው ሰዓት፦ የአንድ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ጉዳይ

ፋብሪካው ኮምቦልቻ ነው ያለው። የታሸገ ውሃ ያመርታል። አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። ፕላስቲክ ጠርሙሱን ራሱ ነፍቶ ያወጣል፣ ይሞላል፣ ይከድናል፣ ሌብል ይለጥፋል፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ወደ መጋዘን ይልካል። በበጋ ወራት ከደሴ፣ ከከሚሴና ከወልዲያ የሚመጡ አከፋፋዮች መኪናቸውን በር ላይ አቁመው ወረፋ ይጠብቃሉ። ምርቱ ግን አይደርስላቸውም።

ባለቤቶቹ ሁለት ነገር ሊገዙ አስበው ነበር። አንዱ መስመሩን ሙሉ በሙሉ የሚያንቀሳቅስ ትልቅ ጀነሬተር ነው። ሌላው ጠርሙስ ለመንፋት የሚያስፈልገውን አየር የሚጨምቅ ሁለተኛ ኮምፕረሰር ነው። ሁለቱም በውጭ ምንዛሪ የሚመጡ ናቸው። ከግዢው በፊት ያለው መስመር በእርግጥ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ እንለካ ተባለና ሥራው ተጀመረ። የፋብሪካውን ስም አልጠቅስም። ማንነቱ እንዳይታወቅም ቁጥሮቹን አጠጋግቻቸዋለሁ።

82 በመቶው ከየት መጣ?

ወርኃዊው ሪፖርት «የማሽን ውጤታማነት 82 በመቶ» ይላል። በአንድ ፈረቃ 25,000 ጠርሙስ ይታቀዳል፣ 20,600 ይወጣል። ሲካፈል 82 ይመጣል። ስሌቱ ልክ ነው። ዋናው ጥያቄ ግን 25,000 ከየት መጣ የሚለው ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት በተመረተው ላይ ትንሽ ተጨምሮ የተቀመጠ እቅድ ነው። ማሽኑ የሚመዘነው በችሎታው ሳይሆን ባለፈው ውጤቱ ነበር ማለት ነው።

የማሽኑ ታርጋ ላይ የተጻፈው ሌላ ነው። በግማሽ ሊትር ጠርሙስ በሰዓት 6,000፣ በደቂቃ 100 ይላል። የቀኑ ፈረቃ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ 480 ደቂቃ። የምሳ 30 ደቂቃ ሲቀነስ 450 ይቀራል። በዚህ ጊዜ ማሽኑ ሳይቆም በታርጋው ፍጥነት ቢሄድ 45,000 ጠርሙስ ያወጣል። 20,600ው ለ45,000 ሲካፈል 46 በመቶ ገደማ ነው።

46 የሚለው ቁጥር ስብሰባ ላይ ሲነገር ክፍሉ ውስጥ ዝምታ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ «ይቺ ቁጥር ለቦርድ አትቀርብም» አሉ። የተናገሩት ከክፋት አይደለም። ስድብ መስሎ ተሰምቷቸው ነው። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ አቋሜ የጸና ነው። 82 የሚል ሪፖርት ይዞ የሚሠራ ሰው የጎደለውን አይፈልግም፤ የት እንደሚፈልግም አያውቅም። 46 የሚለው ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው አቅም የት እንደገባ እንድትፈልግ ያስገድድሃል።

ልኬቱ በዓለም ላይ በሰፊው የሚታወቅ ነው። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኦኢኢ ይባላል። በጃፓን የፋብሪካ ጥገና ኢንስቲትዩት የነበሩት ሴይቺ ናካጂማ ከጠቅላላ ምርታማ ጥገና፣ መላው ሠራተኛ ማሽኑን ከሚንከባከብበት አሠራር፣ ጋር አያይዘው ነው ያስፋፉት። ሦስት ነገር ይጠይቃል። ማሽኑ መሥራት ከነበረበት ሰዓት ውስጥ ስንቱን ሠራ? ሲሠራ በሚችለው ፍጥነት ነው የሠራው? ካወጣውስ ስንቱ ደህና ነው? ሦስቱም በመቶኛ ይሰላሉ፣ ከዚያ ይባዛሉ። ብዙ ቦታ እንደ ግብ የሚለጠፈው 85 በመቶም የመጣው ከዚህ ነው። 90 በመቶ ዝግጁነት፣ 95 በመቶ ፍጥነትና 99 በመቶ ጥራት ሲባዙ 85 ገደማ ይሆናሉ። 46 ላይ ላለ መስመር ግን 85ን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ሠራተኛውን ተስፋ ከማስቆረጥ ሌላ ፋይዳ የለውም። ስለዚህ አልለጠፍነውም።

መዝገቡ ያላየው

በዚህ ፋብሪካ የድሮ መረጃ የሚባል ነገር እምብዛም የለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ በከተማዋ ብዙ ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል። እዚህም የማሽኑ መመሪያ መጻሕፍትና የጥገና መዝገቦች ከዚያ ወዲህ የሉም። የካይዘን ሰሌዳው ተመልሶ ግድግዳው ላይ ቆሟል፤ አምስቱ ማዎች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ፣ በደማቅ ቀለም ተጽፈውበታል። ንጽሕናው ያስደስታል። ማሽኑ መቼ እንደቆመና ለምን እንደቆመ የሚናገረው ግን የፈረቃ ኃላፊው ማታ ላይ ከትዝታው የሚሞላው ደብተር ብቻ ነበር።

ደብተሩን በአንድ ገጽ ወረቀት ተካነው። ቆመ፣ ተነሳ፣ የት፣ ለምን። ከ5 ደቂቃ በታች የሆነ መቆም ሰዓቱ አይጻፍም፤ ኦፕሬተሩ ጭረት ብቻ ያደርጋል። መጀመሪያ የተዘጋጀው ቅጽ የምክንያት ኮድ የሞላበት ስለነበር ሁሉም «ሌላ» የሚለውን ይመርጡ ነበር። ወደ ጥቂት ምክንያቶች ሲወርድ ነው መሞላት የጀመረው።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ደግሞ ብዙ አስቸግራናለች። ጠርሙሱን የሚነፋው ማሽን፣ የብሎወሩ፣ ስክሪን ሰዓት የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ስክሪኑ 14፡20 ሲል ኦፕሬተሩ 8፡20 ብሎ ይጽፋል። ሁለቱን መረጃ አንድ ላይ ስታደርግ ከሰዓት በኋላ የቆመው ማሽን ጠዋት የቆመ ይመስላል። ስለዚህ ከሁሉም ቦታ የሚታይ አንድ የግድግዳ ሰዓት ተሰቀለ። በወረቀት ላይ የሚጻፈው የዚያ ሰዓት ብቻ ሆነ። ልኬት ለመጀመር ሶፍትዌር የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። እኔ ግን መጀመሪያ ሰዓቱን ስቀሉ እላለሁ።

አሁን አንዱን ፈረቃ እንየው። የተመረጠው ልዩ ስለሆነ አይደለም፤ ብዙዎቹ ፈረቃዎች እሱን ይመስሉ ነበር። ጠዋት ሞልድ፣ ማለትም የጠርሙሱን ቅርጽ ማውጫ፣ ከአንድ ሊትር ወደ ግማሽ ሊትር ለመቀየር 55 ደቂቃ ወሰደ። ብልሽት 15 ደቂቃ። በደብተሩ ልማድ «መብራት» የተባለው ደግሞ 85 ደቂቃ። በድምሩ 155 ደቂቃ ቆሟል። የሠራው 295 ነው። ዝግጁነቱ ከ66 በመቶ ትንሽ ያነሰ ነው።

በ295 ደቂቃ፣ በደቂቃ 100 ሒሳብ፣ 29,500 ጠርሙስ መውጣት ነበረበት። የወጣው 21,240 ነው፤ 72 በመቶ። ከዚያ ላይ 640ው ተጣለ፤ ጥራቱ 97 በመቶ። ሦስቱ ሲባዙ 46 ገደማ ይመጣል።

በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ሁለት ነገር ነው ዓይኔን የያዘው። አንደኛው «መብራት» የተባለው 85 ደቂቃ ነው። ሁለተኛው ማንም ያልጻፈው 8,260 ጠርሙስ ነው። ማሽኑ «እየሠራ» እያለ የጠፋ ምርት ነው።

«አብሽር ይሞቃል»

መብራት በዚያ ፈረቃ ሁለት ጊዜ ሄዷል። አንዴ ለ13 ደቂቃ፣ አንዴ ለ12። ድምሩ 25 ደቂቃ ነው። ታዲያ 85 ከየት መጣ? ቀሪው 60 ደቂቃ መብራት ካለ በኋላ የባከነ ነው። መብራት መጥቷል፣ አምፖሉ በርቷል፣ መስመሩ ግን አልተነሳም።

ይህን በዓይን ለማየት የሁለተኛው መቋረጥ ጊዜ ጥሩ ነበር። መብራት መጣ። የኮምፕረሰር ሠራተኛው ከሕንፃው ጀርባ ወዳለው ክፍል ሄደ። ኮምፕረሰሩን አስነስቶ የግፊት መለኪያው፣ ማኖሜትሩ፣ እስኪሞላ ጠበቀ። ሲሞላ ለብሎወሩ ኦፕሬተር ስልክ ደወለ። ኦፕሬተሩ ያን ጊዜ ነው የብሎወሩን በር የከፈተው። ፕሪፎርም የሚባሉት፣ ጠርሙስ ከመሆናቸው በፊት ወፍራም የላብራቶሪ ቱቦ የሚመስሉት ፕላስቲኮች፣ ምድጃው ውስጥ እያሉ ነበር መብራት የሄደው። በቆሙበት ግለዋል፣ ጎብጠዋል፣ አንዳንዶቹ መያዣቸው ላይ ተጣብቀዋል። አንድ በአንድ አወጣቸው። ምድጃውን ለኮሰ። የምድጃው ማሞቂያ አምፖሎች ሙቀታቸው እስኪረጋ ጠበቀ። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ታቻቸው ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ተጣሉ። ደህናዎቹ መምጣት ሲጀምሩ ሌብለሩ ጋ ደረሱና መስመሩ እንደገና ቆመ።

«ምን ሆነ?» አሉ የፈረቃ ኃላፊው።

«ጋሼ፣ ሙጫው ገና ነው» አለች ሌብለሩ ላይ የምትሠራው ልጅ። «አብሽር ይሞቃል።»

የሌብል ሙጫው በሙቀት የሚቀልጥ ዓይነት ነው። ጠዋት ቀዝቃዛውን ለማቅለጥ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከአጭር መቋረጥ በኋላም ሮለሩ ወደ ሙቀቱ እስኪመለስ 10 ደቂቃ ያህል ይጠይቃል። ልጅቷ ማሞቂያውን የምታበራው ጠርሙስ ሲመጣ ስታይ ነው። ስንፍና አይደለም። ሙጫ ሳይሠራ ሙቅ ሆኖ ከቆየ ያርራል፣ ቧንቧውንም ይደፍናል። ከዚህ ቀደም ደፍኖ ስለነበር «ጠርሙስ ሳይመጣ እንዳታበሪ» ተብላለች። ትእዛዙ ምክንያት ነበረው። ለረጅም መቆም የወጣ ትእዛዝ ለአጭሩም ሲሠራበት ነው ችግር የሆነው።

ሁሉም ሰው ሥራውን በአግባቡ ሠርቷል። ግን አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ነው የሠራው። በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ የምትጋግር ሴት መብራት ሲመጣ መጀመሪያ ምጣዱን ትሰካለች፤ ሊጡን የምታማስለው ምጣዱ እስኪግል ነው። እዚህ ግን ሊጡ ተማስሎ ካለቀ በኋላ ነበር ምጣዱ የሚሰካው።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አልጠየቀም። ቀድሞ የሚነሳው ብዙ ጊዜ የሚፈጀው እንዲሆን ተደረገ። መብራት በመጣበት ደቂቃ የሙጫው ማሞቂያና የላስቲክ መጠቅለያው ምድጃ ይበራሉ። በዚያው ደቂቃ ኮምፕረሰሩ ይነሳል። የብሎወሩ ምድጃም የኮምፕረሰሩን ስልክ አይጠብቅም። ቅደም ተከተሉ በአንድ ወረቀት ተጽፎ በየማሽኑ ተለጠፈ።

ከዚህ የበለጠ ለውጥ ያመጣው ግን መብራት በሌለበት ሰዓት ምን ይሠራ የሚለው ነው። ቀደም ሲል መብራት ሲሄድ ሁሉም ወጥቶ ደጅ ይቀመጥ ነበር። አሁን የጎበጡት ፕሪፎርሞች የሚወጡት መብራት እንደጠፋ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄው ቀልድ የለውም። የብሎወሩ አየር ግፊት ከ30 ባር በላይ ነው። መብራት ድንገት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ዋናው ማብሪያ በቁልፍ ይቆለፋል፣ ማሽኑ ውስጥ የቀረው አየር ይተነፍሳል፣ ቁልፉ እጁን በሚያስገባው ሰው ኪስ ይሆናል። ይህ ሳይሟላ ማንም እጁን አያስገባም። በዚህ ነገር ላይ የፈረቃ ኃላፊው ጥብቅ ናቸው፤ ትክክልም ናቸው።

የሥራ ቅደም ተከተልን እንዲህ ከፍሎ ማየት አዲስ ግኝት አይደለም። ጃፓናዊው መሐንዲስ ሺጌዮ ሺንጎ ለሞልድ ቅየራ ያስተማሩት ሐሳብ ነው። ማሽኑ ቆሞ ብቻ የሚሠራውንና የማሽኑ መቆም ሳይጠበቅ ሊሠራ የሚችለውን ለዩ ይላል። ሐሳቡን ለመብራት መቋረጥ መጠቀም የእኛ አገር ችግር የፈጠረው አጋጣሚ ነው።

ሙጫውስ? ፋብሪካው ለቢሮና ለአምፖል የሚሆን ትንሽ ጀነሬተር ነበረው። የመጠቅለያውን ምድጃ አይችልም። የሙጫውን ማሞቂያ ግን ይችላል። ኤሌክትሪሻኑ ጭነቱን ለክቶ፣ ከመብራት ኃይል ከሚመጣው መብራት ጋር በፍጹም እንዳይገናኝ መቀያየሪያ ማብሪያ አስገብቶ አገናኘው። ረዘም ያለ መቋረጥ ከሆነ የሙጫው ሙቀት ዝቅ ይደረጋል፣ እንዳያርር።

ያልተጻፈው 8,260 ጠርሙስ

ሁለተኛው ጥያቄ የበለጠ ክርክር ነበረበት። ማሽኑ ሲሠራ በደቂቃ 100 ጠርሙስ አይደለም የሚሄደው። 85 ላይ ነው የተቀመጠው። የፈረቃ ኃላፊው ምክንያቱን ያውቃሉ። «ከዚያ በላይ ሲሄድ ግፊቱ ይወርዳል፣ የጠርሙሱ ታች አይወጣም» ይላሉ። ልክ ናቸው። ስለዚህ «የዚህ ማሽን ፍጥነት እዚህ አገር 85 ነው፣ በ85 አስሉት» አሉ። ብዙ ሰው ደገፋቸው።

አንድ እውነት አላቸው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው አራት አምስተኛው ያህል ነው። የኮምፕረሰር አቅም ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በባሕር ወለል ሒሳብ ነው። እዚህ ሲተከል ወደ ውስጥ የሚስበው አየር ስስ ነው። ያው ማሽን፣ በያው ዙር፣ አንድ አምስተኛ ያነሰ አየር ነው የሚጨምቀው። ደሴ ላይ ቢሆን ደግሞ ከዚህም ይብስ ነበር። የናፍጣ ጀነሬተርም እንዲሁ አቅሙ ይቀንሳል። ለወሎ ከተሞች ማሽን የሚገዛ ሰው ይህን ሻጩን በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። የብዙ ፋብሪካዎች ችግር የሚጀምረው ከግዢው ወረቀት ነው።

ቢሆንም በ85 ማስላቱን አልተቀበልኩም። ብሎወሩ 100 መሄድ ይችላል፤ ያነሰው አየር ነው። 85ን እንደ ሙሉ አቅም ከቆጠርነው ጉድለቱ ከወረቀት ይጠፋል። ከወረቀት የጠፋ ጉድለት ደግሞ ጠጋኝ አያገኝም። 100 እንዳለ ይቀመጥ፣ ልዩነቱም «አየር» ተብሎ በስሙ ይጻፍ ተባለ።

ከዚያ አየሩ የት እንደሚሄድ ተፈለገ። እሑድ መስመሩ ቆሞ ታንኩ ተሞላ፣ ኮምፕረሰሩ ጠፋ። ማንም አየር የማይጠቀምበት ሰዓት ነው። የማኖሜትሩ ቀስት ግን ቁልቁል ይሄዳል። ጸጥታው ውስጥ ፉጨቱ ይሰማል፤ አንዱ ውሃ ከሚሞላው ማሽን፣ ከፊለሩ ሥር፣ አንዱ ከግድግዳው ጥግ። የጥገናው ልጅ በጣሳ የሳሙና ውሃና የቀለም ብሩሽ ይዞ በየመገጣጠሚያው ቀባ። ብሎወሩ ጀርባ ባለው ጎማ ቱቦ ማሰሪያ ላይ አረፋው እንደ ጡጫ አበጠ። ማሰሪያው በሽቦ የተጠመጠመ ነበር። ጥገናው በደንብ በማይያዝ ፋብሪካ ኮምፕረሰሩ ከሚጨምቀው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው በእንዲህ ያለ ቀዳዳ እንደሚጠፋ በዘርፉ የታወቀ ነው። ከከፍታው የጠፋውን መመለስ አይቻልም። በቀዳዳው የሚጠፋው ግን በእጃችን ነው።

ይህ ከመብራቱ ጉዳይ ጋርም ተገናኘ። መብራት በጠፋ ቁጥር ታንኩ በነዚሁ ቀዳዳዎች ባዶውን ይቀር ነበር። ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ከዜሮ ነበር የሚጀምረው። አሁን መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የሚደረገው የታንኩን መውጫ ቫልቭ መዝጋት ነው። ከ12 ደቂቃ በኋላ ታንኩ ያለውን ግፊት ይዞ ይጠብቃል።

ከጠፋው 8,260 ውስጥ 4,425ቱን የሚያስረዳው በ85 መሄዱ ነው። የቀረው 3,835 በ85 ሲካፈል 45 ደቂቃ ነው። ይህ ሁሉ ጭረት ነው። ክዳን ማውረጃው ላይ ሰያፍ የገባ ክዳን፣ ማጓጓዣው ላይ የወደቀ ጠርሙስ፣ የሌብል ጥቅል መቀየር። አንዱም ከሁለት ደቂቃ አያልፍም። ሲደመሩ ግን ሁሉም ሰው ሲያወራለት ከነበረው ብልሽት ሦስት እጥፍ ናቸው። ከሁሉም የበዛው ጭረት ክዳን ላይ ነበር። ምክንያቱ ከካርቶኑ ሥር የሚመጡ የተጨፈለቁ ክዳኖች ነበሩ። ወደ ማሽኑ ከመገልበጣቸው በፊት በወንፊት ጠረጴዛ ላይ እንዲለቀሙ ተደረገ።

ዓርብና ጉርሻ

ወረቀቱ መሞላት ከጀመረ በኋላ ዓርብ ሁልጊዜ ዝቅተኛው ቀን ሆኖ ይወጣ ነበር። የቢሮ ሰዎች «ዓርብ ይዘናጋሉ» ማለት ጀመሩ። ጉዳዩ ሌላ ነው። አብዛኛው የፈረቃው ሠራተኛ ጁምዓ ይሰግዳል፤ መስመሩ በስምምነት ይቆማል። ግን ያ ሰዓት እንደ ምሳው ከታቀደው ጊዜ አልተቀነሰም ነበር። ተቀነሰ። ዓርብም እንደ ሌላው ቀን ሆነ። በረመዳን ለማታው ፈረቃ የአፍጥር ሰዓት እንዲሁ እንዲቆጠር ተወሰነ። በአግባቡ ያልተሰላ ቁጥር ሰውን በማይገባው ነገር ያስወቅሳል። እንዲህ ያለውን ማረም ከሥራው ሁሉ አስቀድሞ የሚመጣ ይመስለኛል።

ቁጥሩ መሻሻል ሲጀምር አስተዳደሩ ጉርሻውን ከፈረቃው ኦኢኢ ጋር ሊያያይዘው ፈለገ። ሐሳቡ ደግ ነው። ነገር ግን ወሬው በተሰማ ሰሞን ጭረቶቹ ከወረቀቱ ላይ እየጠፉ መጡ። የጠርሙሱ ቁጥር ግን አልጨመረም። ይህ የታወቀው በቀላል ማመሳከሪያ ነው። ማሽኑ የቆመበትና የሠራበት ደቂቃ ተደምሮ 450 መሆን አለበት፤ በሠራበት ደቂቃ የወጣው ጠርሙስም ከፊለሩ ቆጣሪ ጋር መግጠም አለበት። አልገጠመም። ሠራተኛውን አልወቅስም። ልጆቹን የሚያበላበት ገንዘብ ከአንድ ጭረት ጋር ሲታሰር ማን ይጭራል? ጉርሻው በመጨረሻ መስመሩ በሙሉ ባወጣው ደህና ጠርሙስ ላይ ሆነ፣ ለሁሉም እኩል። ወረቀቱ ላይ በተጻፈ መቆም ማንም እንደማይቀጣ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ሠራተኛው ፊት ቆመው ተናገሩ። ጭረቶቹ ተመለሱ።

አሁን ያለበት

ከጥቂት ወራት በኋላ ተመሳሳይ ፈረቃ ተመረጠ። መብራት ሁለት ጊዜ የሄደበት፣ በድምሩ 25 ደቂቃ የጠፋበት፣ ሞልድም የተቀየረበት። መብራት ከመጣ በኋላ የሚባክነው ከ60 ወደ 28 ደቂቃ ወርዷል። ብልሽትና የሞልድ ቅየራ እንዳሉ ናቸው። ማሽኑ 327 ደቂቃ ሠርቷል። ፍጥነቱ በደቂቃ 93 ደርሷል። ጥቃቅን መቆሞች ወደ 25 ደቂቃ ወርደዋል። 28,080 ወጥቶ 380 ተጥሏል። ደህናው 27,700 ነው፤ ከ45,000ው 62 በመቶ ገደማ። ከበፊቱ ሲመዘን 7,100 ጠርሙስ ጨምሯል፣ በያው ማሽን፣ በያው ሰው። ፍጥነቱ በ85 ተሰልቶ ቢሆን ኖሮ ማሽኑ ከአቅሙ 109 በመቶ ይሄዳል የሚል ቁጥር ይመጣ ነበር።

የሚጣለው መቀነሱ በመቶኛ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ከ97 ወደ 98.6። በገንዘብ ግን ትንሽ አይደለም። ፕሪፎርሙ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። ጎብጦ የሚጣል እያንዳንዱ ፕሪፎርም በባንክ ወረፋ የተገኘ ዶላር ነው።

በክረምት የውሃ ገበያ ይቀዘቅዛል። ትዕዛዝ በሌለበት ቀን መስመሩ ባይሠራ ኪሳራ አይደለም፤ ከታቀደው ጊዜም ውጪ ነው። የማይሸጥ ውሃ መጋዘን ውስጥ እየከመሩ ኦኢኢን ማሳመር ይቻላል፤ አይጠቅምም። ይህ እንዳይሆን የምርት እቅዱ ከሽያጭ ክፍሉ ሳምንታዊ ትዕዛዝ ጋር እንዲያያዝ ተደርጓል።

የትልቁ ጀነሬተር ግዢ ቀርቷል። ሁለተኛው ኮምፕረሰር ገና አልተወሰነም። የቀሩት አሮጌ ጎማ ቱቦዎች ተቀይረው የእሑዱ ሙከራ እንደገና ይደረጋል፤ ታንኩ ያን ጊዜም ቶሎ ከወረደ ግዢው ይታያል። የሞልድ ቅየራው ደግሞ እስካሁን 55 ደቂቃ ነው። ከዚያ ውስጥ 20 ያህሉ ማሽኑ ቆሞ ሳለ ሞልዱን ከመጋዘን በጋሪ ማምጣትና ብሩጎላ ቁልፍ መፈለግ ነው። ቁልፎቹን የሚይዝ ሰሌዳ ብሎወሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ሞልዱም መስመሩ ከመቆሙ በፊት ቀርቦ እንዲጠብቅ የፈረቃ ኃላፊው ለጥገና ክፍሉ ጽፈዋል።